የውሸት ቁልፍ ያለው ሸሚዝ

በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ "ፊዚዮቴራፒን ለምን መረጣችሁ?" ብዬ አጽፋቸዋለሁ። ሁሉም "ሰው ለመርዳት" ብለው ይጽፋሉ። እሰይ፣ ይባረኩ! እኔን ግን እዚህ ሙያ ውስጥ የከተተኝ ንዴት ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ልብስ ሰፊ ነበር። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ስለነበር ያደግሁት በስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ዛሬም መንገድ ላይ ያን ድምፅ ከሰማሁ እግሬ ይቆማል። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ቤቱ ጭር አለ። "እጄ ካልተመለሰ እኔ ምኑን ሰው ሆንኩት?" ይል ነበር፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ትገባለች።

በሳምንት ሁለት ቀን አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ቤታችን ትመጣለች። እኛ "ጨካኟ" ነበር የምንላት። ሸሚዙን እንዲቆልፍ ታዘዋለች፤ እሱ በላብ ይጠመቃል፣ እሷ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ላግዘው እጄን ስዘረጋ "ተይው!" ትለኛለች። አንጀቴ እርር ይል ነበር።

እናቴም አልቻለችም። "ይቺ ሴትዮ ባሌን ልትገድልብኝ ነው" አለችና ተማክረን አዲስ ሸሚዝ ሰፋንለት። ከላይ ቁልፉ የሚያምር፣ ከሥሩ ግን እንደ ሕፃን ጫማ ጫን ሲያደርጉት የሚጣበቅ። የልብስ ሰፊ ቤተሰብ አይደለን! በቀጠሮው ቀን አባቴ ደረቱን መታ መታ አደረገና ሸሚዙ ተቆለፈ።

"ጎበዝ!" አለች ጨካኟ። "በል አሁን ፍታው።"

አባቴ ሳበው። ችርርር አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሸሚዙን ገልብጣ አየችው፣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። "እጃችሁ ይባረክ፣ ሥራው ያምራል" አለች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ "ግን እትዬ፣ የእሱን ሥራ እናንተ ከሠራችሁለት እጁ ለምን ብሎ ይመለሳል? እኔም እኮ አንጀት አለኝ። ዝም ብዬ ሳየው የሚቀለኝ ይመስላችኋል?" አለቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ጊዜ በራሴ ተናደድኩ።

እናቴ ማጣበቂያውን በምላጭ ተርትራ እውነተኛ የቁልፍ ቀዳዳ አወጣችለት። እኔም ከጨካኟ ልምምዱን ተምሬ በየቀኑ አብሬው ሠራሁ። ለአንዲት ቁልፍ አንድ ወር ሙሉ!

የፈተና ውጤቴ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ "ሐኪም ልትሆን ነው" አለ። እኔ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፎርሙ ላይ ፊዚዮቴራፒ ብዬ ሞላሁ። "ይሄን ሁሉ ነጥብ አምጥተሽ? ምን ነካሽ ልጄ?" አለች እናቴ። አባቴ ግን "ወረቀቱን አምጪው" አለ። የወላጅ ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ከታመመ ወዲህ በጣት አሻራ ነበር የሚፈርመው። እናቴ የጣት አሻራ ቀለሙን ልታመጣ ብድግ ስትል "ቁጭ በይ" አላትና እስክሪብቶውን በቀኝ እጁ ያዘ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት እንጃ፣ እኛ ሳናግዘው ቁጭ ብለን አየነው።

በማግስቱ ፎርሙን ላስገባ ስሄድ መዝጋቢው ፊርማውን አየና "ይሄን ዶሮ ነው የጫረው? ሌላ ፎርም ወስደሽ በጣት አሻራ አስፈርሚ" አለኝ።

"አልቀይርም!" ብዬ ጮህኩ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "የአባቴ ፊርማ ነው! በቀኝ እጁ ነው የፈረመው!"

እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል መዝጋቢው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ፎርሙን አስተካክሎ አስቀመጠና ፊርማውን እንዳይነካው ተጠንቅቆ፣ ራቅ አድርጎ ማህተሙን መታልኝ።