ኤልዝባዎ የተባለው ደወልና ጠባቂው

በእኛ ማኅበር ደወል ሰው ከገደለ ይፈረድበታል። ምላሱ በሰንሰለት ይታሰርና የተቆረጠለትን ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጣል። አባቶቻችን በባርነት የብራዚሏን የኦሮ ፕሬቶን ወርቅ ሲቆፍሩ ለራሳቸው በሠሯት ቤተ ክርስቲያን ግን በዘመኔ ሲታሰር ያየሁት ኤልዝባዎን ብቻ ነው። ትልቁ ደወላችን ነበር፤ ስሙ የወጣለት በጥንቱ የሐበሻ ንጉሥ ነው።

ጠባቂው ቤልሚሮ ጎረቤቴ ነበር። ቀን ቀን ከለስላሳው ድንጋይ ድስት ይጠርባል፤ በሰንበት ልብሱ እንኳ ከጥፍሩ ሥር ነጭ አቧራ አይጠፋም። ሰው ሞተ ሲሉት ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ «ወንድ ነው ሴት?» ይላል መጀመሪያ። ለወንድ ሦስት፣ ለሴት ሁለት ይመታልና።

ትልቁን ደወል የሚያዞሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከውስጥ ይገፋል፤ ሌላው በግንቡ መስኮት ጠርዝ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ዞሮ ሲመጣ ተቀብሎ ይመልሳል። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት የትንሣኤ ዋዜማ ቤልሚሮ ሲገፋ ታናሽ ወንድሙ አዳውቶ ይቀበል ነበር። ደወሉ አዳውቶን መታው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ማኅበሩ ተሰብስቦ በኤልዝባዎ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ፈረደበት። ቤልሚሮ የእስረኛው ጠባቂ ልሁን ብሎ ለመነ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል። «ጠላቱን ይጠብቃል» ይለው ነበር ሰው።

ፍርዱ ሊያልቅ ወር ሲቀረው እናታቸው እማማ ኦላሊያ በደረት ሕመም አልጋ ያዙ። ሾርባ ይዤላቸው ስገባ እጄን ያዙኝ።

«ስሚኝማ ልጄ፣ ያቺ ትንሿ ደወል የፍየል ቃጭል ናት። በሷ አትሸኙኝ። ኤልዝባዎ ይደወልልኝ።»

«ኧረ እማማ፣ ገና ነዎት!»

«ገና የሚባለውስ ላልበሰለ ቂጣ ነው።»

የማኅበሩ ስብሰባ የተጠራው ኤልዝባዎ ወሩ ሳይሞላ ይፈታ እንደሆነ ለመወሰን ነበር። እማማን በወንበር ተሸክመን አመጣናቸው። እንግዶችን ከተማ የሚያዞረው ዚቶ ቀድሞ ተነሣ።

«አለቃ፣ ሰንሰለቱ ቢቆይ ይሻላል። ከሪዮ የሚመጣው ሁሉ የሚጠይቀኝ እስረኛውን ደወል ነው። የወርቁን መሠዊያ አይቶ ያዛጋል፣ ሰንሰለቱን ሲያይ ግን ባርኔጣውን ያወልቃል።»

«አንተማ ሦስት ሰው ገደለ እያልክ ነው የምታወራው» አለ አንዱ ከኋላ።

«አራት ብዬም አውቃለሁ!»

ተሳቀ። የማኅበሩ አለቃ ኤቫሪስቶ ግን ፊታቸውን ወደ ቤልሚሮ መለሱ። «ሟቹ ያንተ ወንድም ነው። ትምረዋለህ?»

ቤልሚሮ ቆመ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ወለል ወለሉን ያያል።

«አይፈታ» አለ።

«ምነው አንተ ሰው! እናትህ ተቀምጠው?» አለች አንዲት ሴት። «አሥራ አምስት ዓመት አልበቃህም? ናስ ላይ እንዲህ ቂም ይያዛል?»

«ቂም አይደለም» አለ። ድምፁ እንደ ድንጋይ ትቢያ ደርቆ ነበር። «ደወሉ ምንም አላጠፋም። አዳውቶ ‹ቆይ፣ እግሬን ልመልስ› አለኝ። ሰምቼዋለሁ። የላይኛው ሰፈር ደወሎች ጀምረው ስለነበር እንዳይቀድሙን ብዬ ደወሉን ገፋሁት። እናንተ ደወሉ ላይ ስትፈርዱ ዝም አልኩ። ከተፈታ እኔ ነኝ የምታሰረው፤ ለዚህ ነው ይፈታ ለማለት ያልደፈርኩት።»

ኤቫሪስቶ የእንጨት መዶሻቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ሁላችንም የምናየው እማማን ነበር።

«ቤት ውሰዱኝ» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ፣ «አንተም ና። ቤት እንነጋገራለን።»

ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም። ግድግዳችን አንድ ነው፤ የሰማሁት ግን የሳቸውን ሳል ብቻ ነው። በማግሥቱ ማኅበሩ ሰንሰለቱ ይፈታ ብሎ ወሰነ፤ በቤልሚሮ ላይ ግን አንድም ሰው ፍርድ አልጠየቀም። መፍቻውን ይዞ የወጣው እሱ ራሱ ነው። ፈታው፤ ግን አልደወለውም።

እማማ ኦላሊያ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጉሙ ከጣሪያው ሳይነሣ በማለዳ አረፉ። አገጫቸውን በጨርቅ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቤልሚሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ማን ይደውል?» አሉት ኤቫሪስቶ ቀስ ብለው። «አንተ ካልቻልክ ሰው እንፈልጋለን።»

«እኔ አለሁ። የሚገፋ ግን ስጡኝ።»

ዚቶ ወጣ፤ ጉልበት ያለው እሱ ነበር። እኔም የሐዘኑን ጥቁር ጨርቅ በግንቡ መስኮት ላይ ልሰቅል ተከተልኳቸው። ቤልሚሮ የገፊውን ቦታ አልፎ፣ አዳውቶ ይቆምበት በነበረው ጠባብ ድንጋይ ላይ ቆመ። ከኋላው ገደልና ጉም ነው።

«ጋሼ፣ ወደዚህ ቢመጡ ይሻላል» አለ ዚቶ።

«እግሬን ላስተካክል ካልኩህ ትጠብቀኛለህ?»

«እስከ ነገም ቢሆን።»

ቤልሚሮ እግሩን ቀስ ብሎ አስተካከለ፤ መዳፎቹን ዘረጋ።

«በል ግፋ።»

ኤልዝባዎ ዞሮ መጣ። ቤልሚሮ ተቀበለውና መለሰው፤ ሁለት ጊዜ፣ ለሴት እንደሚገባ።