የዳማ ላንቃና የኔ ችኮላ

መጀመሪያ የነገረኝ የፈረሴ የሆድ ጠፍር ነው። አንድ ጠዋት ጋሪውን ስጠምድ ጠፍሩ ላላብኝ። እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ስቤ ባስረውም አልጠበቀም። ምስማር አምጥቼ በድንጋይ እየመታሁ አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ በሳሁ። ያኔ «ጠፍሩ ረዘመ» አልኩ እንጂ «ፈረሱ ከሳ» አላልኩም። ጠፍር ይረዝማል እንዴ! አላህ ዓይን ሰጥቶኝ ነበር፤ አላየሁበትም።

ሰይድ እባላለሁ። ቆቦ ከተማ ጋሪ እነዳለሁ። ይህን የማወራው ፈረሱ ወይም በቅሎው ከዕለት ወደ ዕለት እየመነመነበት ምን እንደሚያደርግ ግራ ለገባው ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ያጠፋሁትን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ትንሽ አይደለም።

ወሩ ኅዳር ነበር፣ ማሽላው የሚቆረጥበት። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ወረፋ ላይ ቆመዋል። «የጋሪ ዘመን አበቃ» ሲሉን የነበሩት ሁሉ «ሰይድ፣ አድርሰኝ እባክህ» እያሉ ይለምኑኛል። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ዳማን ከጠዋት እስከ ማታ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ አመላልሰው ነበር። ዳማ ከደጋ ወርዶ የመጣ ቀይ ዳማ ፈረስ ነው፤ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ በነዚህ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ መቆጠር ሲጀምር ግን ያፈርኩት በእሱ ሳይሆን በባለቤቴ በዘይነባ ነው።

ዳማን የምታበላው እሷ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሰው በተሰበሰበበት ግቢ ውስጥ፣ «ጭዱን እየቆጠብሽበት ነው መሰል» አልኳት።

«ወላሂ አንዲት ቀን አላጎደልኩበትም» አለች።

«ታዲያ የት ገባ? ጂን በላው?»

ሦስት ቀን ከሰላምታ ሌላ ቃል አላወጣችም። እኔም ዝምታዋን የጥፋተኛ ዝምታ አድርጌ ወሰድኩት። አውፍ ይበለኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋጡ ዘንድ ጠራችኝ። ሰፌድ ይዛለች። ሰፌዱ ላይ የእንቁላል መጠን ያላቸው፣ እንደ ልቃቂት የተጠቀለሉ እርጥብ የጭድ ኳሶች አሉ። «ከእግሩ ሥር ነው የለቀምኩት» አለች። «ያኝከዋል፣ ያኝከዋል፣ መልሶ ይተፋዋል። ጭዱ የገባበት ይኸውልህ።» ሰፌዱን አስጨብጣኝ ሄደች።

የበሽታው ምልክት እጄ ላይ ነበር። የእንስሳት ክሊኒኩ ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ በየቀኑ በደጃፉ አልፋለሁ። እኔ ግን ሰፌዱን አስቀመጥኩና የዳማን ከንፈር ገልጬ ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ አየሁ። ላንቃው ያበጠ መሰለኝ። አበቃ። እኛ አገር ፈረስ መብላት ካቆመ ምክንያቱን ለማወቅ ማንም አይቸገርም፦ ላንቃው ወርዶበታል ይባላል፤ መድኃኒቱም መብጣትና በጋለ ብረት መተኮስ ነው። አባቴ እንዲህ አድርጓል። የጋሪ ጓደኞቼም ሁሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ክሊኒክ እንድሄድ የመከረኝ አንድ ሰው ነበር፤ «እዚያ ያለችው ሴት ልጅ ናት፤ ስለ ፈረስ ምን ታውቃለች?» ብዬ ሳቅሁበት።

ዋጃ ከተማ ደወልኩና ላንቃ የሚተኩሰውን ጋሽ ሙሄን አስመጣሁ። ጋሽ ሙሄ በፈረስ ዕድሜውን የጨረሰ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነው። ጣቱን አስገብቶ ላንቃውን ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ።

«ልጄ፣ ይሄ ብዙም አላበጠም። ሁለት ሦስት ቀን እንየው» አለኝ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ሥራ አለብኝ። ዛሬውኑ ይገላገል።»

«ግድየለህም፣ እንታገሥ።»

«ከዋጃ ድረስ ያስመጣሁህ ልታየው ነው እንዴ?» አልኩት፤ አባቴ ለሚሆን ሰው።

አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ፈረሱ ያንተ ነው» አለ። አሁን ሰው «ያ ባህላዊ ሐኪም ፈረሱን አበላሸብህ» ሲለኝ እቆጣለሁ። ሐሰት ነው። እሱ ሊመለስ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

የዳማን የላይኛ ከንፈር በገመድ ጠመዘዝኩ። ጭንቅላቱን ብብቴ ውስጥ ያዝኩ። ጋሽ ሙሄ በጣው። ደም ወረደ። ከዚያ ብረቱን አስገባ። ሽታው መጣ። ዳማ ጮኸ። ፈረስ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። አልለቀቅሁትም። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር።

በማግስቱ አልበላም። በሁለተኛው ቀን ውኃም አልጠጣም። ባልዲው ላይ አፉን ያደርግና ይመልሰዋል። በሦስተኛው ቀን አፉ ሸተተ። ዝንብ ወረረው። ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ዘይነባ መጣችና፣ «ወይ አንተ ትወስደዋለህ፣ ወይ እኔ እወስደዋለሁ» አለችኝ።

እያረፍን፣ እያረፍን ክሊኒክ ደረስን። ሳቅሁባት ያልኳችሁ ልጅ ዶክተር መሠረት ትባላለች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ በቀጥታ ወደ ፈረሱ ሄደች። ቁስሉን አጥባ፣ መርፌ ወግታ ሕመሙን ካስታገሰችለት በኋላ የአፍ መክፈቻ ብረት አስገባችና በባትሪ እስከ ውስጥ ድረስ አየች። ከዚያ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ እጅዎን ወዲህ ያምጡ» አለችኝ። ጣቴን ይዛ ከኋላ ያለውን የመንጋጋ ጥርስ ጠርዝ አስነካችኝ። መጋዝ ነው። ጣቴን ቆረጠኝ።

«ላንቃው በሽታ አልነበረም» አለች። «ላምፓስ እንለዋለን፤ ብዙ ፈረስ ላይ የሚታይ ነው፤ አይቆረጥም፣ አይተኮስም። የታመመው መንጋጋው ነው። ሞላሮቹ፣ የመንጋጋ ጥርሶቹ ማለት ነው፣ ሹል አውጥተው ጉንጩንና ምላሱን እየቆረጡት ነበር። ርቦት ነው የሚያኝከው፤ አሞት ነው የሚተፋው።»

«አሁንስ?» አልኩ።

«አሁን በዚያ ላይ የተቃጠለ ቁስልና ኢንፌክሽን አለው። የሰውነቱን ውፍረት ከአምስት ብንለካው አንድ ላይ ነው። መዳኑን ዛሬ ልነግርዎት አልችልም።»

ዘይነባም አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። «ብዬህ ነበር» አላለችኝም፤ ብትል ይሻለኝ ነበር።

አንቲባዮቲክ በየቀኑ ይወጋ ጀመር። አፉን ለብ ባለ የጨው ውኃ እናጥባለን። ሳምንት አልፎት ቁስሉ ሲሻለው ዶክተሯ ማደንዘዣ ሰጥታ የመንጋጋዎቹን ሹል በረጅም ሞረድ ሞረደችለት፤ ለሆድ ትሉም አይቨርሜክቲን ሰጠችው። ስንሄድ አስጠነቀቀችኝ፦ «እንዳያሳዝንዎት። ጥሬ እህል አሁን በአፉ አይዙር። የተራበ ሆድ እህል አይችልም። በውኃ የራሰ ፉርሽካ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስት ጊዜ።» እሺ አልኩ። ከልቤ ነው እሺ ያልኩት።

ዳማ በላ። ያን ቀን ዘይነባ እልል አለች። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሳምንት ባልዲ ይዤ ስመላለስ እንደ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏችኋል፣ እኔ አንዴ አፍስሼም አልተማርኩም።

የአጎቴ ልጅ ከከተማው ዳር ማሽላ ይወቃ ነበር። ዳማን እግሩ ይፍታታ ብዬ በገመድ እየሳብኩ ወደዚያው ወሰድኩት። አውድማ ላይ የደረሰ አፍ፣ የሰውም ሆነ የእንስሳ፣ ባዶውን አይመለስም፤ ራያ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ዳማ ክምሩን ሲያይ አሽካካ። «ኧረ ልቀቀው፣ በረካ ነው!» አሉኝ ወቂዎቹ። «ያሳዝናል፣ አጥንቱን እየው፣ ይቅመስ እንጂ!» አሉኝ። የዶክተሯ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ግን በረካ በተቀመጠበት ቦታ «አይብላ» ማለት ነውር መሰለኝ። ገመዱን አላላሁት። ሁለት ቁና የሚሆን ጥሬ ማሽላ እስኪበላ ቆሜ አየሁት። ደግሞ ፈገግ ብዬ!

ቤት መልሼው የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ ስወጣ ዳማ መሬት ተኝቷል። ሆዱን ዞሮ ያያል። ይነሳል፣ ይወድቃል። ላቡ ይንጠባጠባል። ሆዱ ተነፍቷል።

ዶክተር መሠረት በባጃጅ ደረሰች። ጆሮ ማዳመጫዋን ሆዱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። «ኮሊክ ነው፣ የሆድ ቁርጠት» አለች። «ምን አበሉት?»

«ማሽላ።»

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መርፌ ወጋችው። በአፍንጫው ቱቦ አስገብታ ዘይት አወረደች። «እንዳይንከባለል። ያዙሩት» አለች። አዞርነው። እኔ ስደክም ዘይነባ፣ እሷ ስትደክም እኔ። በግቢው ዙሪያ። ያ ረቢ፣ የሱን ሐቅ ይዤ እንዳልመጣብህ አልኩ። ደግሜ ደግሜ አልኩ። ሌላ ዱዓ አልመጣልኝም። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጅራቱን አነሳ። ፋንድያ ጣለ። ሰው ፋንድያ አይቶ አልሐምዱሊላህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ፣ እንባዬ እየወረደ።

ከዚያ በኋላ ያለው የማገገሙ ታሪክ ነው፤ የሚጻፍ ብዙ ነገር የለውም፣ ምክንያቱም በየቀኑ ያው ነገር፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መጠን መደጋገም ብቻ ነው። ታኅሣሥን በሙሉ ፉርሽካ ከምሽቱ ነክረን ጠዋት እንሰጠዋለን፤ ጥር ሲገባ በዶክተሯ ፈቃድ ከጎብዬ ያመጣሁትን አልፋልፋ የሚባል የመኖ ሣር ከጣት ባጠረ ቁመት እየቆራረጥን ጨመርንለት፣ በኋላም የማሽላውን ቅጠል አገዳውን ትተን እየከተፍን፣ ፋጉሎም በእፍኝ እየለካን ቀላቀልንበት። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዘይነባ ሁለት ጆንያ ሰፍታ አለበሰችው፤ ሠፈሩ ቢስቅም ዳማ ሞቆት አደረ። በየጁምዓው ደረቱን በገመድ እየለካሁ ቋጠሮ አሰርኩ፤ መጀመሪያ ሦስት ጁምዓ ቋጠሮው አንድ ቦታ ቆሞ ተስፋ ሲያስቆርጠኝ፣ ዶክተሯ «አብሽሩ፣ ቀስ ብሎ የመጣ ሥጋ ነው የሚቆየው» አለችኝ፤ እውነትም በአራተኛው ጁምዓ ቋጠሮው ፈቀቅ አለ። ጋሪ እስከ የካቲት መጨረሻ አልጠመድኩትም፤ እኔ በዚያ ጊዜ ገበያ ላይ ሸክም እየተሸከምኩ ነው ያሳለፍኩት፤ ጀርባዬ ሲቆስል «ዳማ ይህን ስንት ዓመት ችሎታል» እያልኩ እገረም ነበር። አሁን ጎኑ ሞልቷል፣ ጠጉሩ ተኝቶ ያበራል፣ ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሽ ቀን ያርፋል።

ለዶክተር መሠረት ምስጋናዬን ከነይቅርታዬ ሰጥቻታለሁ። ዋጃ ድረስ ሄጄ የጋሽ ሙሄን ጉልበት ስሜያለሁ፤ እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ብረቱን እንዳላጋለ ነገረኝ። አሁን የከሳ ፈረስ ይዘው ሲመጡበት መጀመሪያ መንጋጋውን ዳብሶ ወደ ክሊኒክ ይልካቸዋል።

እናንተም ምክሬን ስሙኝ። ፈረሳችሁ ያኘከውን ከተፋ ላንቃውን ተዉት፤ መንጋጋውን ለሚያውቅ አሳዩ። በዓመት አንዴ ጥርሱን አስመርምሩ። የከሳውን በአንድ ቀን ላወፍረው አትበሉ፤ አውድማም ይሁን ሠርግ፣ ነውር ነው ቢሏችሁም ገመዳችሁን አጥብቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፈረሱን የሚያበላውን ሰው ጠይቁ፣ ከመውቀሳችሁ በፊት።

ዘይነባን አውፍ በይኝ ብያታለሁ፤ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሰው ፊት። «እኔስ አውፍ ብዬሃለሁ» አለች። «ለሱ ምን ልትለው ነው?»

ዳማ ከዘይነባ መዳፍ ይበላል። ከጎረቤት ልጆች መዳፍ ይበላል። ዶክተሯ አፉን ስትከፍተው ይቆምላታል። የኔ እጅ ወደ ፊቱ ሲጠጋ ግን ራሱን ወደ ላይ ያነሳና ጆሮውን ያጥፋል፤ ልጓሙን እንኳ የምታገባለት ዘይነባ ናት። ስለዚህ በየጠዋቱ ባልዲውን አስቀምጣለሁ፤ አምስት ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ያኔ ይበላል።