ልብስ የለበሱ ችግኞች

ልጅ ሳለሁ ተረት ማለት ለእኔ ደም ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ጥሩነህ ማታ ማታ ከምድጃችን አጠገብ ተቀምጦ የሚነግረን ተረት ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፤ ወይ ነብር ይታረዳል፣ ወይ ጦጣ ከገደል ትወረወራለች፣ ወይ ሰው የሰው ጉሮሮ ያንቃል። ያኔ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለችው መንደራችን መብራታችን ኩራዝ ነበርና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ፍሙ የአያ ጥሩነህን ግማሽ ፊት እያቀላ፣ እኛ ልጆች ጉልበታችንን አቅፈን እናዳምጠዋለን። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የጅቡን ተረት ነበር። ጅቡ በጨለማ ሥጋ ይሸተውና ይነክሳል። ይጣፍጠዋል፤ ግን ደግሞ ያመዋል። ሕመሙ የሌላ ጅብ ሥራ እየመሰለው፣ ያንን ሌላ ጅብ እየተሳደበ መብላቱን ይቀጥላል። ጎሕ ሲቀድ ልነሣ ቢል እግር የለውም። አያ ጥሩነህ እዚህ ላይ ሲደርስ ጭኑን እየመታ ይስቃል፤ እኔ ግን ስተኛ የገዛ እግሬን በእጄ ይዤ ነበር የማድረው።

መንደራችን ከወይራ አምባ ሥር ናት። ስሙ ወይራ አምባ ይባል እንጂ ያኔ ለመድኃኒት የሚሆን ወይራ እንኳ አልነበረበትም። ደርግ ወድቆ፣ አዲሱ መንግሥት ገና እግሩን ሳይተክል፣ ሃይ ባይ በጠፋበት ጊዜ አባቶቻችን ፋስ ፋሳቸውን ይዘው ወጡና ተራራውን መላጣ አስቀሩት። ከሌላ አገር የመጣ ጠላት አልነበረም፤ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ተራራው ብድሩን መለሰ። አንድ ሐምሌ ላይ ጎርፉ ቋጥኝ እያንከባለለ ወርዶ የጎረቤታችንን የእማማ ስንዱን ቤት ከነማገሩ ጠረገው። እሷን በማግስቱ ከወንዙ ዳር አገኟት፤ ነጠላዋ በእሾህ ላይ ተጠምጥሞ፣ አፏ አፈር ሞልቶት ነበር።

በልቅሶዋ ላይ ሽማግሌዎቹ አምባው ይከለል፣ ችግኝም ይተከልበት አሉ። ፍየል እንዳይወጣበት፣ ፋስ እንዳይገባበት ሁሉም ማለ። አያ ጥሩነህንም ጠባቂ አደረጉት። ፍየል ያለው ሰው ሁሉ አኮረፈ፤ ከሁሉ የባሰበት አባቴ ነበር። አኩርፎም ቢሆን ግን ማለ።

በተከላው ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ችግኞቹ የመጡት በትንንሽ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ነው። የግብርና ባለሙያው ወጣት ላስቲኩን ቀድዳችሁ ችግኙን አውጡት ብሎን ወደ ሌላው ጎጥ ሄደ። አያ ጥሩነህ አንዱን ችግኝ አንሥቶ አገላብጦ አየውና፣

«ምነው? ሕፃን ልጅ ልብሱን ገፍፋችሁ በውርጭ ታስተኛላችሁ?» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቀ እንጂ አመነው። የእኛን አገር ውርጭ የሚያውቅ አይፈርድብንም፤ የገብሱን እሸት ባደረበት አጥቁሮት የሚሄድ ውርጭ ነው። «ሸጋ ብለሃል አያ ጥሩነህ!» አሉትና ችግኞቹን ሁሉ ከነልብሳቸው ቀበርናቸው።

ክረምቱን አምረው ከረሙ። መስከረም ሲጠባ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ ለገና የቀረው እንጨት ነበር። አያ ጥሩነህ ተረቱን ተወ። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ፍሙን እየቆሰቆሰ አባቴን ብቻ ያየዋል።

«የፈላ ውኃ የሚደፋባቸው ሰው አለ» ይላል።

«ፍየል ያለው ሁሉ ክፉ አይደለም» ይለዋል አባቴ።

እናቴ በባሏና በወንድሟ መካከል ተቀምጣ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን እጅ ታያለች። እኔ ያንን አስተያየቷን ከነብሩ ተረት የበለጠ እፈራው ነበር።

አንድ ጠዋት ከአባቴ ፍየሎች አንዷ ገመዷን በጥሳ ወደ አምባው ወጣች። አባቴ ሊመልሳት ሮጠ። እኔ ከሥር ካለው ወንዝ ውኃ እየቀዳሁ ነበር። አያ ጥሩነህ ከቋጥኝ ጀርባ ብድግ ሲል አየሁት። አንድም ነገር አልጠየቀም። «ያዝኩህ!» ብሎ ጮኸና ፋሱን አነሣ፤ አባቴም ራሱን ሊከልል ግራ ክንዱን ዘረጋ። ድምፁ ደረቅ ማገዶ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ጀሪካኑን ጥዬ ሽቅብ ሮጥሁ። ደም ከተረት ውጭ ምን እንደሆነ ያኔ አወቅሁ፤ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። አባቴ ደረቱ በደም ርሶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ግን ከፍየሏ ላይ ነበር።

«ያዟት፣ ችግኙን ትበላለች» ይላል ደጋግሞ።

በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ነፍሱ ተረፈች፤ ክንዱ ግን ላይመለስ ሞተ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሻው ጠመንጃውን አንግቶ ከደጃችን ተቀመጠ። «ክንድ በክንድ ነው» አለ። አያ ጥሩነህ ሸሽቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተጠግቷል፤ ከዚያ የወጣ ቀን እንደሚሞት ሁሉም ያውቅ ነበር። እሱ ከሞተ ደግሞ ጋሻው ይሸፍታል፣ ከዚያም የእኛ ዘመዶች የእኛኑ ዘመዶች እያደኑ ይኖራሉ። ለማን አለቅሳለሁ እያልሁ የምጨነቅ ልጅ ነበርሁ።

እናቴ ቀን ሙሉ ጋሻውን ስታየው ዋለችና ድንገት ተነሥታ አምባውን ወጣች። ተከተልናት። የደረቁትን ችግኞች ጠጉር እንደምትነጭ ሰው ትነቅላቸው ጀመር።

«እናንተ ናችሁ! ባሌንና ወንድሜን ያፋጃችሁብኝ እናንተ ናችሁ!»

ስትነቅል፣ ስትረግጥ፣ ስትወረውር ቆይታ በድንገት ቆመች። በእጇ ያለውን አተኩራ አየችው። ጥቁሩ ላስቲክ እንዳለ ነው። ሥሩ መውጫ አጥቶ በውስጡ ዞሮ ዞሮ ራሱን አንቋል። ሌላውን ነቀለች፤ ያው ነው። ሌላውንም፤ ያው ነው። በነጠላዋ ሙሉ ተሸክማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረደች፤ ጋሻውም ጠመንጃውን ይዞ ከኋላችን።

አያ ጥሩነህ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። እግሩ ሥር ዘረገፈችለት።

«ይኸው ያ ሕፃን! ከነልብሱ አንቀህ የገደልኸው አንተው ነህ!»

አያ ጥሩነህ እጁን ወደ ወገቡ ሰድዶ ቢላዋውን መዘዘ። ጋሻው ጠመንጃውን አቀባበለ። አያ ጥሩነህ ግን አንዱን ችግኝ አንሥቶ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። አፈሩ ረገፈ፤ የተቋጠረው ሥር እንደተቋጠረ በእጁ ቀረ። ያን ጊዜ እንደ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ጋሻውም አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ።

ለእርቁ ሽማግሌዎቹ ካሳው ከብት ይሁን አሉ። አባቴ ክንዱን ባንገቱ አንጠልጥሎ ቆመና፣ «ከብቱ ይቅር። እሱ ተረት ያውቃል፤ የጅቡን ትቶ ይህን ይንገር። በየክረምቱ፣ ከተከላው በፊት፣ በገዛ ስሙ» አለ።

ያኔ ቅጣት አልመሰለኝም ነበር። በተከታዩ ሐምሌ ግን አያ ጥሩነህ በመንደሩ ፊት ቆሞ፣ «ጥሩነህ የሚባል ጅብ ነበር» ብሎ ሲጀምር የከብት ካሳ ምን ያህል እንደሚቀል ገባኝ። ማንም አልሳቀም።

ዛሬ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው። ወደ አገሬ ስሄድ ወይራ አምባ ስሙን አግኝቷል፤ ከሥሩ ጎርፍ ሳይሆን የጠራ ምንጭ ይወርዳል። ሰው ደኑን ያደንቃል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ተረት የቀረኝ፣ አያ ጥሩነህ እስኪሞት ድረስ በየክረምቱ ያየሁት ነው። አባቴ ባንድ እጁ መቅደድ አይችልምና ችግኙን ይይዛል፤ አያ ጥሩነህ በዚያው ቢላዋ ላስቲኩን ይቀድዳል። ስለቱ ወደ አባቴ ጣቶች በቀረበ ቁጥር እናቴ ትንፋሿን ትውጣለች። አባቴ ግን ያንን የቀረውን አንድ እጁን አንድም ቀን ሰብስቦት አያውቅም።