በኖራ የተቀባው ድንጋይ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። የምነግራችሁን ነገር ደግሞ እስካለፈው እሁድ ድረስ ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርኩትም። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማልችል ነው የጻፍኩት። በቅርብ የገባችሁ ተከራዮችም ስላላችሁ ከሥሩ እጀምራለሁ።

እኔና ወንድሜ ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ ስንመጣ ይህ ሰፈራችን ገና የማሽላ ማሳ መሀል ነበር። አሁን የቆርቆሮው ብዛት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ባጃጅ እደጃችን ድረስ ይወጣል፤ መድኃኒት ቤትም ተከፍቷል። በዚያን ጊዜ ግን ውሃ የምንቀዳው ከወንዝ ነበር። ተሰብስበን፣ የቧንቧውን መስመር እኛው እንድንቆፍር ተስማማን። ኮሚቴው በገመድ እየለካ ለየቤቱ ድርሻ ሰጠ፤ በየድርሻው ወሰን ላይ በኖራ የተቀባ ድንጋይ አስቀመጠ። ወንድሜ ቀን ሥራ ስለሚውል የእኛን ድርሻ የምቆፍረው እኔ ነበርኩ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የእትየ ለምለም ነው። እትየ ለምለም ከሰሃላ የመጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጥጥ ፈትለው የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ኽምጣኛ ሲናገሩ የሚያቆማቸው የለም፤ አማርኛው ላይ ግን ይደናቀፋሉ።

የድርሻዬ ጫፍ ላይ ስደርስ አለት ገጠመኝ። በዶማ ስመታው እሳት ይተፋል እንጂ አይነቃነቅም። እርዱኝ ብል ኖሮ ጎበዝ አይጠፋም ነበር። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ሰው ከምለምን ሞቴን እመርጥ ነበር። እንዲህ ያለው ዓይናፋርነት ጨዋነት ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ሰው ለምሳ ሲገባ በኖራ የተቀባውን የወሰን ድንጋይ አነሳሁት። አለቱ በእሳቸው በኩል እንዲውል ወደ እኔ አምጥቼ አስቀመጥኩት። እኔ ነኝ ያነሳሁት። በእነዚህ እጆቼ።

የገበሬ ልጅ ነኝ። በአባቴ ቀዬ ድንበር የገፋ ሰው ሰላምታ ይነፈጋል። ታዲያ ለራሴ ምን አልኩት? ይህ እርሻ አይደለም፤ ነገ አፈር የሚለብስ ቦይ ነው፤ ማንም አይዘራበትም፤ ድንበር አይባልም አልኩ። እንዴት ያለ ብልጠት ነው! መሬታቸውን አልወሰድኩም፤ ጉልበታቸውን ወሰድኩ።

እትየ ለምለም ተመልሰው ድንጋዩን ሲያዩ፣ “ኧረ ይኼ እዚህ ነበረ?” አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሁልጊዜም አንገቴን ስለምደፋ አልጠረጠሩኝም።

የሁሉም ድርሻ አለቀ፤ የእሳቸው ቀረ። ቧንቧው እሳቸውን ጠብቆ ቆመ። “እትየ፣ ውሃው ለኛ ነው ወይስ ለልጅ ልጆቻችን?” ይላቸው ነበር አንዱ ሲያልፍ። “ተዋቸው፣ ወርቅ አግኝተው ይሆናል!” ይላል ሌላው። እሳቸው የሚመልሱበት አማርኛ እስኪመጣላቸው ቀልደኛው አልፎ ሄዷል። አለቱን ፈልፍለው ጨረሱት፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ግን አበጠ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ ጾሙ እስኪፈታ እንዝርት ማሾር አልቻሉም። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ የት ነበርኩ? ጎናቸው። በሳህን ሽሮ ይዤላቸው እገባ ነበር፤ እሳቸውም ይመርቁኝ ነበር። ምርቃቱን እንዴት ተቀበልኩት? ተቀበልኩት።

ውሃው መጣ። እልል አላችሁ። እኔም እልል አልኩ።

ባለፈው እሁድ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ድርሻ ስንከፋፈል አንድ ሰው፣ “እትየ ለምለምን ተዉአቸው፣ እሳቸው ከገቡበት ክረምቱ ይቀድመናል” አለ። ሳቃችሁ። አልፈርድባችሁም፤ በእኔ ሥራ ነው የሳቃችሁት። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አብረው ሳቁ። እሱን ነው ያልቻልኩት።

ስትበተኑ ተከትያቸው ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ በኽምጣኛ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጅ ነበርኩ አላልኩም፤ ደክሞኝ ነበር አላልኩም፤ ዛሬም አልልም። እጄን ያዙና መዳፌን ገልብጠው ብዙ አዩት፤ ምን እንደፈለጉበት አላውቅም። ከዚያ ለቀቁኝ።

የቦዩን ድርሻቸውን እኔ እቆፍራለሁ፤ አለት ከገጠመኝም ጎረቤት እጠራለሁ። ይህ ግን ያን አይተካም፤ አውቀዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ከመካከላችሁ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው እንዲያነብልኝ እለምናለሁ። ሲነበብ እኔም እዚያው እቀመጣለሁ፤ እንደ ልማዴ ተደብቄ አልቀርም። ይቅር በሉኝ የምላችሁ ግን እሳቸውን ይቅርታ ከጠየቃችሁ በኋላ ነው። ያን እሁድ ከበራቸው ዞሬ ልሄድ ስል ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦

“ለእኔስ ነገርሽኝ፤ ደግ። የሳቁብኝ ግን እነሱ ናቸው፤ ለእነሱም ንገሪልኝ።”