የሕልም ቀራጯ

በእንግዳ ማረፊያው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት «የክፍሉ ዋጋ ቁርስን ይጨምራል» ይላል። ውሸት አይደለም፣ ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ነገር የሚታወቀው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ እንግዳው ዓይኑን እያሻሸ ወደ መመገቢያው ክፍል ሲወርድ ነው። የማረፊያው ባለቤት መጥበሻዋን ጥዳ፣ ሁለት እንቁላል በአንድ እጇ ይዛ፣ ፊቷን ሳታዞር «እህስ፣ ምን አየህ?» ትለዋለች።

«ይቅርታ፣ ምኑን?» ይላል አዲስ ሰው።

«ሕልምህን ነዋ! ተኝተህ አላደርክም እንዴ?»

እስኪናገር ድረስ እንቁላሉ አይሰበርም። «ኧረ እኔ ምንም አላየሁም» ያለ ሰው ሻይና ዳቦ ይዞ ይጎለታል። «የማያይ ሰው የለም፣ ትዝ እስኪልህ እጠብቅሃለሁ» ትለዋለች፤ ደግሞ ትጠብቀዋለች። አንድ ሚዛን ጠጋኝ እስከ አራት ሰዓት ተቀምጦ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ የዋለበት ቀን አለ። በመጨረሻ የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ልጅ እያለ ያየውን ሕልም አምጥቶ ሰጣትና ተገላገለ። እንግዶቹ በሌለችበት «ቀራጯ» ይሏታል። ኬላ ላይ ቆሞ ካለፈ ካገደመው ሁሉ የድርሻውን ከሚያነሳ ሰው በምንም አትለይማ።

ጣጣዋ ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ክፍል የምትደለድለው በቀጠሮ ሳይሆን የሰው ፊት አይታ ነው። እንግዳውን ከነሻንጣው ደጃፍ ላይ ገትራ ትክ ብላ ታየውና «ያንተ ፊት የአራት ቁጥር ነው» ትለዋለች። ሁለት ቁጥርን ከወር በፊት አስይዣለሁ ብሎ ቢንጨረጨር ጆሮዋን አትሰጠውም። የደረጃው ሦስተኛ እርከን ላይ የቆመ ሰው ወዮለት። እርከኑ ይንቋቋል፣ የተኛ ይነሳል፣ ከመሃል የተነሳ ሰው ሕልም ደግሞ ጎደሎ ነው። «እማማ» ብሎ የጠራት ቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። «እሜቴ» ነው የምትባለው፣ አለቀ።

ታዲያ ምን ቆርጧቸው ይመለሳሉ? ቢባል፣ አንሶላዋ ንጹሕ ነው፣ እንቁላሏ ይጣፍጣል፣ ከሁሉም በላይ ግን በዚያ ቤት እውነትም ይታለማል። ቤቱ ወንዝ ዳር ነው። ጠዋት ጭጋጉ መጥቶ መስኮቶቹ ላይ ይተኛና ከውጭ ያለው ዓለም ድምጥማጡ ይጠፋል። ውስጥ የሻይ ማንቆርቆሪያው ይተነፍሳል፣ እንግዶቹ ፀጉራቸው እንደተንጨባረረ፣ ግማሽ ልባቸው ገና አልጋ ላይ ሆኖ፣ በዝግታ ያወራሉ። አንዱ ባሕር ውስጥ ባቡር እንደተሳፈረ፣ አንዷ የሞተች አክስቷ የእሷን ጫማ አድርጋ እንደመጣችና ጠበበኝ እንዳለች። ተናጋሪው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሌሎቹም ማንኪያቸውን አስቀምጠው ይሰማሉ፤ ማን እንደነቃ ማን ገና እንደተኛ ለመለየት ያስቸግራል። እሷ መጥበሻው ላይ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ሲጨርሱ «ሌላስ ሰው አልነበረም?» ትላለች ሁልጊዜ።

ለምን እንደምትጠይቅ ከታናሽ እህቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባሏ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ቤት ለቤት እየዞረ ቁጥር ሲመዘግብ የኖረ ዝምተኛ ሰው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠዋት «እንቁላሉ ጨው በዝቶበታል» አላት። እሷም ቱግ ብላ «እንግዲያው ተወዋ!» አለችው። ተወው። ኮፍያውን ደፋ፣ መዝገቡን ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ በሩን እንኳን ሳያላትም ወጣ። አራት ሰዓት ገደማ የሰው ግቢ ውስጥ ቁጥር እየጻፈ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። ሐኪሙ ስለ ደም ሥር ብዙ አስረዳት። ከዚያ ሁሉ ንግግር እሷ ይዛ የተመለሰችው ራሷ የምታውቀውን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዶ ሆዱን ነበር የወጣው።

በሕልሟ ይመጣል ብላ ጠበቀችው። ሊቆጣት ይምጣ፣ ሊሰድባት ይምጣ፣ ብቻ ይምጣ። አልመጣም። እንዲያውም ከዚያች ቀን ወዲህ ሕልም የሚባል ነገር ጥሏት ጠፋ። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ መሃሉ ኦና ነው። ቤቱ ብቻዋን ሲከብዳት ክፍሎቹን ማከራየት ጀመረች፤ አንድ ጠዋት አንድ እንግዳ ሳትጠይቀው ሕልሙን ሲያጫውታት ነው ሐሳቡ ብልጭ ያለላት። እኔን ቢቀየመኝ ቤቱን አልተቀየመ፤ ሌላ ሰው እንቅልፍ ውስጥ ቢመጣስ? ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ሆነ ሥራዋ። የምትጠብቀውን ግን ለአንድም እንግዳ ትንፍሽ አላለችም፤ ከነገረቻቸው ሊያስደስቷት ሲሉ እንደሚፈጥሩላት ገብቷታል። ኮሪደሩ ላይ የባሏን ባለኮፍያ ፎቶግራፍ ሰቅላ ዝም አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓሣም፣ ፈተናም፣ የወለቀ ጥርስም ሰማች። ባለኮፍያ ግን አልመጣም።

አራሚው የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ የከተማው ማተሚያ ቤት የትምህርት መጻሕፍት ሲያትም ነው። ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት የፊደል ግድፈት ይለቅማል። አውራ ጣቱ ቀለም የማይለየው፣ ሰውንም ቢሆን ስህተት እንደሚፈልግ አድርጎ የሚያይ ቀጭን ሰው ነው። ፊቱን አይታ ሁለት ቁጥርን ሰጠችው። እንደ እሱ ያለ አላሚ አጋጥሟትም አያውቅ! ጣራ ላይ የሚያብቡ ጃንጥላዎች፣ በሰልፍ ቆመው ፀጉራቸውን የሚቆረጡ ዛፎች፤ በየጠዋቱ አዲስ ነው፣ አይደግምም።

በሦስተኛው ዓመት ሊሄድ በተነሳበት ጠዋት አውቶቡሱ ከመንገድ ማዶ ጡሩንባውን እያንባረቀ ነው። ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ «እሜቴ፣ ዛሬ ይለፉኝ» አላት።

«ምን አየህ?»

አራሚው ወዲያ ወዲህ ተገላመጠ። «አንድ ሰውዬ አየሁ። ኮፍያ ያደረገ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ እንቁላል ይበላል። ቀና ብሎ አየኝና፣ ጠግቤያለሁ ብለህ ንገራት አለኝ።»

ሦስት እንቁላል ሰበረች፤ የገባበትን ቅርፊት እንኳን ሳትለቅም አቀረበችለት። እሱ ቆሞ ጎራርሶ በሩጫ ወጣ። እሷ መጥበሻው ጠቁሮ እስኪጨስ ድረስ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፏ ለሰለሰ። ሕልም አሁንም የላትም፣ ግን መሃሉ ያ ኦና አይደለም። ጠግቧል። አራት ዓመት በዚህች አንዲት ቃል ኖረች፤ አራሚውም በመጣ ቁጥር ቃሉ ለእሷ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሦስት ሦስት እንቁላል በላ።

አንድ ቀን አንድ መጽሐፍ ይዛ የመጣችው ልብስ ሰፊዋ እህቷ ናት። አንዲት ደንበኛዋ ቀሚስ ልትለካ መጥታ እያነበበች ስትንከተከት አይታ ተውሳው፣ ከሰዓት በኋላ እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ ጉድሽን ስሚ! የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ያለችበት ቀልድ ነው፣ አንቺው ነሽ፣ ቁጭ አንቺ! ጸሐፊውም ያ አራሚሽ ነው።» ገና ጥቂት ገጽ ነው ያነበበችው።

እህቷ እንደምትቆጣ ነበር የገመተችው። እሜቴ ግን ሳቀች። ክፍል ፊት አይታ መደልደሏን፣ እርከኗን፣ ቀዝቃዛ ውሃዋን አንድ በአንድ ሲነበብላት ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ይሄ ሌባ! አጎንብሶ የሚበላ መስሎኝ፣ ለካስ ሲያየኝ ነው የከረመው!» አለች። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏታል። የሚያያት ሰው ካገኘች ስንት ዘመኗ።

ገጽ ዘጠና ሁለት ላይ የእህቷ ድምፅ ተንቀራፈፈ፣ ከዚያ ቆመ።

«ቀጥይ እንጂ።»

«እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ሻይ ልጣድ...»

«ቀጥይ አልኩሽ!»

እህቷ አንገቷን ደፍታ አነበበች። «የፈጠርኳቸው ሕልሞች አልቀውብኛል። አውቶቡሱ ይጮኻል፣ ሆዴም ይጮኻል። ያን ጊዜ ዓይኔ ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው ባለኮፍያ ሰውዬ ላይ አረፈ። የሟች ባል ምንዛሪው ሦስት እንቁላል መሆኑን የተማርኩት ያን ዕለት ነው።»

እሜቴ ክው አለች። ትንሽ ቆይታ መጽሐፉን ከእህቷ እጅ ወስዳ ዘጋችው። «እንግዲያው ባዶ ሆዱን ነው የሄደው» አለች፤ እህቷ አቅፋት አለቀሰች፣ እሷ ግን እንባም አልመጣላት።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተወች። እንግዳ ሲወርድ እንቁላሉን ሰብራ፣ ጠብሳ፣ አስቀምጣ ዞር ትላለች። አዲሶቹ ምንም አልመሰላቸውም፣ የጥንቶቹ ግን ቅር አላቸው። ያ ሚዛን ጠጋኝ አንድ ጠዋት በሕይወቱ ጥሩ የሚባል ሕልም አይቶ ሦስተኛዋን እርከን ዘሎ እየሮጠ ቢወርድ የሚጠይቀው ጠፋ። ሁለት ሦስቴ ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ እንቁላሉን ሳይነካው ተነሳ።

ዓመቱ ደርሶ አራሚው መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ እስክትመረምረው ጠበቀ። ከወትሮው ረዘም አድርጋ አየችውና «ሁለት ቁጥር» አለችው። በማግስቱ ጠዋት ሌሎቹ በልተው ሲበተኑ ወረደ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ሳትጠይቀው እንቁላሉን ሰበረች።

«እሜቴ» አለ ግራ ገብቶት፣ «ዛሬስ አልጠየቁኝም?»

«መጽሐፍህን አንብበነዋል።»

ፊቱ ሳምባ መሰለ። «ቀልድ እኮ ነው... ልብ ወለድ ነው፣ ማለቴ ሰው ሲጽፍ...»

«ስቄያለሁ። እስከ ዘጠና ሁለት ገጽ ድረስ ስቄያለሁ።» ዞር ብላ አየችው። «ያንን ሰውዬ ስለ ጨው ተጣልቼው ሳይበላ ወጣ። በዚያው ቀረ። አንተ መጥተህ ጠግቤያለሁ ብሏል አልከኝ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም?»

የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣለች። አራሚው ያን ጊዜ ነው የሠራው ሥራ የገባው። እዚህ ቤት በውሸት ሲጠግብ የኖረ ሰው ነው፤ አንዲት ተጨማሪ ውሸት አትቸግረውም፣ እሷም እንቅልፏን ታገኝ ነበር።

«አላየሁትም፣ እሜቴ» አለ። «ፈጠርኩት። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። አላወቅሁም፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ብትዋሸኝ ኖሮ ሻንጣህን መንገድ ላይ ነበር የምታገኛት» አለችው። ምድጃውን አጠፋች። አራሚውም መሄድ ይሁን መቆየት ጨንቆት እንደቆመ ቀረ። መስኮቱ ነጭ ነው፣ ወንዙም መንገዱም የሉም።

«ንገረኝ» አለችው።

«ምን ልንገርዎት?»

«ያንኑ። ከመጀመሪያው።»

«እሜቴ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«ውሸት መሆኑንማ ነገርከኝ። ንገረኝ።»

አራሚው ከወንበሩ ጫፍ ላይ አረፍ አለ። አውራ ጣቱን እያሻሸ ቀስ ብሎ ጀመረ። «ገባ። ኮፍያውን አወለቀና...»

«አያወልቅም! ሲበላም አያወልቅም፣ ስንቴ ተጣልተንበታል።»

«ኮፍያውን እንዳደረገ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር...»

«በመስኮቱ በኩል ነው።»

«በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። እንቁላሉ ቀረበለት። ቀመሰው።»

«ጨውስ?»

አራሚው አሰበ። ለአንዲት ቃል ይህን ያህል ተጨንቆ አያውቅም። «ጨው በዝቶበታል» አለ። «እሱም ጨው በዝቶበታል አለ። ግን እያለም ይበላል።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየለትም፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። «ከዚያስ?»

«በዳቦው ሳህኑን ጠረገ። ቸኩሎም አይደለም፣ የሚሄድበት ያለው አይመስልም። ጠግቤያለሁ አለ።»

«እኔስ የት ነኝ?»

«እርስዎ... ምድጃው ጋ ነዎት። ቆመዋል።»

ምድጃውን አየችው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር አየች።

«አስቀምጠኝ» አለችው። «አጠገቡ አስቀምጠኝ።»