ቅቤ የጠጣ ድስት

አባቴ ነገሌ ቦረና የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። እናቴ ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተች፣ ከሊበን የከብት አርቢ ልጅ ክርስትና አስነሥቶ አገባ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እማዬ የምላትም እሷን ነበር። ቤታችን የተበላሸው የአባቴ ታላቅ እህት ከሰሜን መጥታ አብራን መኖር ስትጀምር ነው። አክስቴ ጸሎተኛ ነበረች፤ ክፋቷንም እንደ ጸሎቷ ሰዓት ጠብቃ ታደርሰው ነበር።

ሐሳቧ አንድ ነው፤ ወንድሟ ይህችን ፈትቶ ያገሩን ልጅ እንዲያገባ። ወተት ጠጥታ ያደገች ሴት የጾም ወጥ አታውቅም፣ አንድ ቀን ታስገድፍሃለች እያለች ነዘነዘችው። አባቴ ሰው ፊት መዋረድን እንደ ሞት የሚፈራ ሰው ነበር። በመጨረሻ በሁዳዴ የንስሐ አባታችን ይጠሩ፣ የሠራችውን በልተው ከመረቁ ነገሩ ይቁም፣ ካልሆነ ትሂድ ብሎ ቆረጠ። ሚስት በጎመን ስትመዘን ያየሁት ያኔ ነው።

እውነት ለመናገር፣ አትክልት መብላት ለእማዬ መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ በወገኖቿ ዘንድ ቅጠል የፍየል ነው። ግን ተማረች። አትክልቱ ከክብረ መንግሥት በጭነት መኪና ሲመጣ ጥቅል ጎመኑ ጠውልጎ፣ ድንቹ ተላልጦ ይደርሳል። እሷ ገበያው ሊበተን ሲል ሄዳ ሰው የናቀውን በርካሽ ታነሣለች። የበሰበሰውን ቆርጣ ትጥላለች፣ ሽንኩርቱን ሳይጠቁር በዘይት ታቁላላለች፣ ካሮቱን፣ ከዚያ ድንቹን፣ መጨረሻ ጎመኑን ታስገባለች፤ እርድና ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጋ ትከድነዋለች። ጾመኛ ስለሆነች ጨዉንም ሳትቀምስ በእጇ ግምት ነበር የምትጨምረው። እንደዚያ ያለ አልጫ ከአክስቴ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ጾሙ ሊገባ ሲል አክስቴ አዲስ የሸክላ ድስት ገዝታ፣ ለንስሐ አባታችን ቀን አሟሺው ብላ ሰጠቻት። አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ አይበሰልበትም፤ በምን እንደሚሟሽ ግን አልነገረቻትም። እማዬ እናቷ ቤት እንዳየችው ቅቤ እየቀባች፣ እሳት ላይ እየጣደች ደጋግማ አጠጣችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አክስቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ አየች፣ ምንም ሳትል ተመልሳ ገባች።

በቀጠሮው ቀን ቄሱ ከቅዳሴ መልስ መጡ፤ ማዕዱም ቀረበ። አክስቴ ሆዴን አሞኛል ብላ ሳትቆርስ ቀረች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቄሱ አንዴ ጎረሱ፣ ሁለተኛውን ሲጠቀልሉ እጃቸው ቆመ። ቅቤው ከሸክላው ወጥቶ ወጡ ውስጥ ገብቷል።

አክስቴ ደረቷን መታች። ድስቱ በቅቤ መሟሸቱን ተናገረች፤ ማየቷንም አልደበቀችም። እማዬ ታዲያ ለምን ዝም እንዳለች ብትጠይቃት፣ ሳልጠየቅ ሰው አላስተምርም አለች። በሁዳዴ ቄስ ማስገደፍ ግን አልከበዳትም።

ቄሱ አፋቸውን ተጉመጠመጡና፣ "ባለማወቅ ነው። እሷም እኔም እንሰግዳለን፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ" አሉ። ለእሳቸው ነገሩ እዚያው አለቀ። አባቴ ፊቱ እንደ ጠቆረ ሸኛቸውና ተመልሶ ዕቃዋን እንድትሰበስብ አዘዛት።

"አባ ፈተውኛል" አለችው። "አንቱ ከአባ ይበልጣሉ?"

አባቴ ሄዶ በሩን ከፈተ።

ወደ ሊበን በሚወስደው መንገድ በእግሯ ሄደች። እያለቀስኩ ስከተላት ዞራ በኦሮምኛ "ጋሊ" አለችኝ፤ ቤት ግቢ ማለቷ ነው። አባቴ ክንዴን ይዞ መለሰኝ። ያን ቀን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ እሱን ማለቴ ነው፣ አክስቴንማ ድሮም እጠላት ነበር።

ሲመሽ አክስቴ አልጫውን አሞቀችው። ሕፃን ጾም የለበትም፣ እህልም አይደፋም ብላ በሳህን አቀረበችልኝ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። እጄን ስዘረጋ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

"መጀመሪያ እማዬ በይኝ።"

አልኳት።