ኩሬው ዳር ጫማ ያወለቁት ሽማግሌ

መፍቱሃ ኖርዌይ ውስጥ የሃውገሩድ ሰፈርን ሕንፃዎች ደረጃ ወልውላ ስትወጣ፣ ሽማግሌውን ዛሬም ከጓሮው ኩሬ ዳር አገኘቻቸው። ስማቸውን አታውቅም። ከወፍራሙ ጃኬታቸው ሥር የወሎ ሽርጥ አገልድመዋል፤ ጫማቸውን መስጊድ እንደሚገባ ሰው አውልቀው ሣሩ ጫፍ ላይ አስቀምጠዋል። በረዶው ከቀለጠ ወዲህ እንቁራሪቶቹ ተመልሰው ኩሬውን በጉርምርምታ ሞልተውታል።

ሰላም ልትል ስትጠጋ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ እንቁራሪቶቹ ዚክር ላይ ናቸው፤ አላህን እያወሱ ነው።»

ሣሩ እርጥብ ስለሆነ ወረቀት አንጥፈው ነው የተቀመጡት። ወረቀቱን አወቀችው፤ የሕንፃው ቦርድ ሰጥቷት በየበሩ የለጠፈችው እሷው ናት። ኩሬው ለሕፃናት ስለሚያሰጋ ሰኞ በአፈር ይደፈናል ይላል። ሽማግሌው ኖርዌይኛ እንደማያነቡ ያን ጊዜ ገባት።

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። እሳቸው ግን ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን የእንቁራሪት እንቁላል እያሳዩዋት ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነው ያየሁት» አሉ። «የዛሬ ሳምንት ይፈለፈላል። ነይና አብረን እናያለን።»

«ኢንሻአላህ» አለች መፍቱሃ፣ ባልዲዋን እያነሳች።